ዛፍ ተካዩ ንጉሠ ነገሥት፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ

በየዓመቱ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ ማቅረብ የቈየ ልማድ ነው። ባለፈው ዓመት ትምህርት ሊዘጋ ሲል ለዘንድሮው እትም ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እንድጽፍ ታዘዝሁ። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ደስ አላለኝም። ስለ ዓድዋ ድል ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ጽፎአል፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ስልኩና ስለ ትምህርት ቤቱም ያልተባለ ነገር አላገኝም ብዬ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ነገር ልቤን ከብዶት ነበር። ያን የታወቀ ታሪክ በአዲስ ዓይን እንዳነበው ያደረገኝ ይኸው ስለ ሆነ፣ ውድ አንባቢዎች ሆይ፣ አስቀድሜ እርሱን እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

የተወለድሁት በነአኩቶ ለአብ ነው። ሥፍራውን የማያውቅ ቢኖር፣ ከላሊበላ ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገደል ሥር በዋሻ ውስጥ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙንም ያገኘው ከቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ነው። ከዋሻው ጣራ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጠብታውም በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ሕዝቡም ጠበል ብሎ ይጠጣዋል፣ ይጠመቅበታል። እኛ የሥፍራው ልጆች ያን የጠብታ ድምፅ እየሰማን አድገናል። ከዋሻው በላይና በዙሪያው ያለው ተራራ ግን ከአጥቢያው ዛፎች በቀር ራቁቱን የቀረ ነው። እናቶቻችን እንጀራ የሚጋግሩት አብዛኛውን ጊዜ በኩበት ነው፤ ኩበቱ ደግሞ ለእርሻው ማዳበሪያ ሊሆን የሚገባው ነበረ።

ከሁለት ክረምት በፊት የትምህርት ቤታችን የዛፍ ተከላ ክበብ ከአንድ በጎ አድራጊ ድርጅት መጠነኛ የገንዘብ ርዳታ አገኘ። የክበቡ ጸሐፊ እኔ ስለ ነበርሁ፣ ሕዝቡን ለሥራ ለመጥራት በየደጁ የዞርሁም፣ ወጪውን በደብተር የመዘገብሁም እኔ ነኝ። በሐምሌ ወር ሕዝቡ፣ ተማሪውና መምህሩ በአንድነት ወጥቶ ከከተማው በላይ ባለው ተረተር ላይ ሦስት መቶ የወይራና የጥድ ችግኝ ተከልን። ያን ቀን እልልታው ተራራውን አናወጠው። በሚቀጥለው ግንቦት ወጥቼ ብቈጥር የጸደቀው ሃያ ስምንት ብቻ ነበረ። ሌላው ገሚሱ በፀሐይ ደርቆአል፤ ገሚሱን ፍየል በልቶታል። ለድርጅቱ የሚላከውን የዓመቱን መግለጫ ለመጻፍ ቅጹን ስገልጥ ደግሞ፣ የተከልነውን ቍጥር የሚጠይቅ ቦታ እንጂ የጸደቀውን የሚጠይቅ ቦታ አላገኘሁበትም። ሦስት መቶ ብዬ ብጽፍ ውሸት አይባልም፤ ነገር ግን እውነትም አይደለም። ቅጹን ሳልሞላ ሁለት ሳምንት በመጽሐፌ መካከል ይዤው ዞርሁ።

የአፄ ምኒልክን ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸውም ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባል ነበር። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሊይዙ በዘመቱ ጊዜ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። መቅደላ ከእኛ ከላስታ በስተደቡብ የሚገኝ የወሎ አምባ ነው። እዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። አፄ ቴዎድሮስ እንደ ምርኮኛ ብቻ ሳይሆን እንደ ልጅ ይዘው አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ቢሆንም የአባታቸው አገር ከልባቸው ስላልወጣ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው፣ በወሎዋ ባላባት በወይዘሮ ወርቂት በኩል አልፈው ሸዋ ገቡ። እንግዲህ የዚህ ታላቅ ሰው የወጣትነት ዘመን ያለፈው በእኛው ደጋ፣ በዚሁ በወሎ አየር ነው ማለት ነው።

ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው ሲነሡ የዘመኑ የቤተ መንግሥት አኗኗር እንደ ዛሬው አልነበረም። ንጉሥ ባለበት ከተማ ነበረ፤ ንጉሥ ሲነሣ ከተማውም አብሮ ይነሣ ነበረ። የዚህም ምክንያት ጦርነትና የጠረፍ ጥበቃ ብቻ አልነበረም። አንዱ ትልቁ ምክንያት እንጨት ነው። ንጉሥ ባረፈበት ሥፍራ መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩና ነጋዴው ሁሉ ይሰፍራል። ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ አጥሩ የሚታጠረው በእንጨት፣ በሺህ የሚቈጠረው የግብር ሰው የሚበላው እንጀራና ወጥ የሚበስለው በእንጨት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአካባቢው ያለው ደን ተመንጥሮ ያልቃል። ማገዶ ፍለጋ የሚሄደው ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለስ የነበረው፣ ውሎ አድሮ መንገድ ማደር ይጀምራል። በዚያን ጊዜ ከተማው ድንኳኑን ነቅሎ ሌላ ደን ያለበትን ሥፍራ ይፈልጋል። ጥሎት የሄደው ኮረብታም ራቁቱን ይቀራል።

አፄ ምኒልክም በዚሁ ልማድ ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከዚያም በ1870ዎቹ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ተራራ ወጡ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ለጦር አመቺ የሆነ ሥፍራ ነው፤ ነገር ግን ብርዱና ነፋሱ ጽኑ ነው፤ ውኃውም ሩቅ ነው፤ እንጨቱም ፈጥኖ አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ከተራራው ሥር ወዳለው ወደ ፍል ውኃ እየወረዱ መታጠብ ወደዱ። ሥፍራው ፊንፊኔ ይባል ነበር፤ የኦሮሞ ሕዝብም ይኖርበት ነበረ። በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት ተሠራ፤ እቴጌይቱም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም እየተከተሉ በየጉብታው ሰፈሩ። ንጉሡ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ከጫኑ በኋላ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ታች ወርዶ ጸና።

ያ ዘመን የደስታ ብቻ አልነበረም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን የመታው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጀው፤ ገበሬውም ያለ በሬ ቀረ። እኛ የላስታና የወሎ ልጆች ክፉ ቀን ማለት ምን እንደ ሆነ ከአያቶቻችን ከሰማነውና በ1977 ዓ.ም. በወላጆቻችን ላይ ከደረሰው እናውቀዋለን። በዚያ ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እየቈፈሩ፣ በሬ ባይኖርም በእጅ ቈፍሮ መዝራት እንደሚቻል ለመኳንንቱና ለሕዝቡ በሥራ እንዳሳዩ ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩም ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ይህን ጠባያቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ቃል ከማውጣት አስቀድሞ እጅን ማስገባት የእርሳቸው መንገድ ነበር፤ ለዛፉም ሥራ የጠቀማቸው ይህ ነው።

አዲስ አበባ እየሰፋች ስትሄድ የእንጦጦ ችግር ተከትሏት ወረደ። በዙሪያዋ ያለው የጥድና የወይራ ደን እየተመነጠረ አለቀ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች እየመጡ በከተማዋ ስለ ተቀመጡ፣ ነጋዴውም የእጅ ሠራተኛውም ስለ በዛ፣ የማገዶው ፍላጎት እጅግ ጨመረ። የእንጨት ዋጋ ተወደደ። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ቀድሞው ልማድ አዲስ አበባን ጥለው ከዚያ በስተምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ደን ባለበት ሥፍራ ሌላ ዋና ከተማ ለመቈርቈር አሰቡ። የሥፍራው ስም አዲስ ዓለም ተባለ። ቤተ መንግሥቱም መሠራት ጀመረ። ነገሩ በዚህ ቢቀጥል ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ስሟ በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚገኝ የፈረሰ ሰፈር በሆነች ነበር።

ይሁን እንጂ አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ሳይሆን ቀረ፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ለዚህም ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው፣ የውጭ መልእክተኞችና ብዙ መኳንንት በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው የድንጋይ ቤት ስለ ሠሩ ነቅሎ መሄዱ እንደ ድንኳን ዘመን ቀላል አልሆነም። ሁለተኛው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ የተፈጥሮ አገሩ አውስትራልያ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዘሩን ስላስመጣው ሰው ሲነገር ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳይዬ ነው። ሕዝባችንም ከባሕር ማዶ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። የዚህ ዛፍ ጠባይ ለችግሩ የተፈጠረ ይመስላል። ጥድ ለምሰሶ እስኪደርስ የአንድ ሰው ዕድሜ ሲፈጅ፣ ባሕር ዛፍ በአምስት በስድስት ዓመት ለአጠና ይደርሳል። ቢቈርጡት ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው ደጋግሞ ይቈርጣል። ቅጠሉን ከብትም ፍየልም አይበላውም። ይህን የመጨረሻውን ባነበብሁ ጊዜ በግንቦት ያየኋቸው የተበሉ የወይራ ችግኞች በዓይኔ ላይ መጡብኝ።

ነገር ግን ዛፉ ብቻውን ከተማን አያድንም። ዘሩ በጥቂት ሰዎች ግቢ ተተክሎ እንደ አበባ ጌጥ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ከተማዋን ያዳነው ዛፉ ከሕዝቡ ጋር የተገናኘበት መንገድ ነው፤ የአፄ ምኒልክም ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ ለሕዝቡ በጥቂት ዋጋ እንዲታደል አዘዙ። ባሕር ዛፍ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነፃ አደረጉ። እንግዲህ የዛፍ ተከላ ርዳታ ማለት ዛሬ እኛ በቅጽ ሞልተን የምንጠይቀው ነገር ከሆነ፣ አፄ ምኒልክ ከመቶ ዓመት በፊት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ርዳታው የተሰጠው ለተከላው ቀን አለመሆኑ ነው። ሰውየው ከግብሩ ነፃ የሚሆነው ዛፉ ቆሞ እስከ ተገኘ ድረስ ነው። ዛፉ ሲደርስም አጠናውንና ማገዶውን የሚሸጠው፣ ቤቱን የሚሠራበት ያው የተከለው ሰው ነው። ስለዚህ ችግኙን ከፍየልና ከልጅ የሚጠብቅ ዘበኛ መቅጠር አላስፈለገም፤ እያንዳንዱ ባለ ግቢ የራሱ ዘበኛ ሆነ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል የለም?

ጊዜውንም አስቡት። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው ችግኝ ተተከለ፤ በ1893 ዓ.ም. ከተማውን ጥሎ ለመሄድ ታሰበ። በመካከሉ ያለው ስድስት ዓመት ልክ ባሕር ዛፍ ለመጥረቢያ የሚደርስበት ዕድሜ ነው። መጀመሪያ የተከሉት ሰዎች ቈርጠው ሲሸጡና ጉቶው ሲያቈጠቍጥ ጐረቤቱ ሁሉ አየ። ያየም ተከለ። በሚቀጥሉት ዐሥር ዓመታት ራቁት የነበሩት ጉብታዎች በባሕር ዛፍ ተሸፈኑ፤ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም ከተማ ሳይሆን ደን የሚያይ ይመስለው ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የሚገባበት ከተማ በሥፍራው ቆሞ የጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው ባንክ፣ በ1900 ዓ.ም. የተቋቋመው የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ሹመትና በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት፣ ሁሉም የሚጸናበት የማይነቀል ከተማ ፈልጎ ነበር። ድንኳን በሚነቅል ከተማ ትምህርት ቤት አይጸናም።

እስከዚህ የጻፍሁትን ለአያቴ አነበብሁላቸው። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን በጓሮአቸው ያቆሙት ባሕር ዛፍ ሦስት ልጆች ያስተማረና የቤታቸውን ቆርቆሮ ያለበሰ ነው። እኛ ሦስት መቶ ተክለን ሃያ ስምንት ስናተርፍ፣ ከእርሳቸው ጓሮ አንድም ችግኝ አልሞተም። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። የተረተሩ ዛፍ የማን እንደ ሆነ መልሰው ጠየቁኝ። የሁላችንም ነው አልኋቸው። እርሳቸውም የሁሉም ከሆነ በጥር ወር ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ የሚያጠጣው ማን እንደ ነበረ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ራሴ ከሐምሌ እስከ ግንቦት አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ አልወጣሁም ነበር። ጥፋቱን በፍየሎቹ ላይ ስደፋ የከረምሁት በከንቱ ነው።

አያቴ ግን በዚህ አላቆሙም። የንጉሡን ዛፍ ብቻ አመስግኜ እንዳላልፍ አስጠነቀቁኝ። በልጅነታቸው በመንደራችን ግርጌ አንዲት ምንጭ ነበረች፤ ከብት የሚጠጣባት፣ ሴቶች እንስራ የሚሞሉባት። በዙሪያዋ ባሕር ዛፍ ተተከለ፤ ዛፉ ባደገ ቍጥር ምንጯ እየቀጠነች ሄደች። አሁን በክረምት ብቻ ትረጥባለች። ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ወደ ዋሻው ነበር። ከዋሻው በላይ ባለው ተራራ ላይ ባሕር ዛፍ ቢተከል ጠበሉ ምን ይሆናል የሚል ፍርሃት በሽማግሌዎቹ ሁሉ ልብ አለ።

ስለዚህ ወደ መጽሐፉ ተመለስሁ፤ ሥጋታቸውም መሠረት ያለው ሆኖ አገኘሁት። ይኸው ዛፍ በአልጄርያና በኢጣልያ ረግረግ እንዲያደርቅና ወባን እንዲከላከል ታስቦ የተተከለ ነበር። ረግረግ የሚያደርቅ ዛፍ ምንጭ ቢያደርቅ ሊያስደንቅ አይገባም። በሥሩም ሣርና ቍጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ ስለዚህ በዳገት ላይ ለብቻው ሲቆም አፈሩን ከጎርፍ አይከላከልም። በአዲስ አበባም ይህ ነገር ሳይታወቅ አልቀረም። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዛፉ ከሦስት እጅ ሁለቱ ተነቅሎ ለሐር ትል ምግብ በሚሆን በእንጆሪ ዛፍ እንዲተካ አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ ግን የተፈጸመው በከፊል ብቻ ነው። ሕዝቡ ጥቅሙን በእጁ ይዞ ነበርና በአዋጅ የሚያስጥለው አልተገኘም። በአዋጅ ያልተተከለ ዛፍ በአዋጅ አይነቀልም።

በዚያን ጊዜ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ታመው ከሥራ ርቀው ነበር። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው ለሕዝብ ተነገረ፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ እየጸና ሄዶ ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዐፅማቸው በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የተከሉት ዛፍ ግን ከእርሳቸው በኋላ አላቆመም። ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማና ገጠር ደረሰ፤ ከአያቴም ጓሮ ገባ። በእንጦጦ ተራራ ላይ ለብዙ ዓመታት እናቶች የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው እየወረዱ ልጆቻቸውን አሳድገውበታል። በኋለኞቹ ዘመናት ደግሞ በዚያው ተራራ ላይ የአገር ልጅ የሆኑትን ዛፎች፣ ጥዱንና ወይራውን መልሶ ለማልማት ተጀምሮአል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮም በአረንጓዴ አሻራ ስም በየክረምቱ በመላ አገሪቱ ችግኝ ሲተከል እናያለን።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ያን ቅጽ ሞላሁ። የተከልነው ሦስት መቶ፣ የጸደቀው ሃያ ስምንት ብዬ፣ ቦታ ስለሌለው በኅዳጉ ላይ ጻፍሁት። የክበቡ አስተማሪያችን አነበቡት፤ ጥቂት ዝም አሉና ፈረሙበት። ከወር በኋላ ከድርጅቱ መልስ መጣ። የቀረውን ጥቂት ገንዘብ ሌላ ችግኝ ከመግዛት ይልቅ ለአጥርና ለጥበቃ እንድናውለው ፈቀዱልን። እውነቱን በመጻፌ የፈራሁት ነገር አንዱም አልደረሰም።

ባለፈው ክረምት እንግዲህ ሥራው በሌላ መንገድ ተጀመረ። በነአኩቶ ለአብ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ከካህናቱ፣ ከሽማግሌዎቹና ከእናቶች ጋር ስብሰባ አደረግን። ከዋሻው በላይ ወይራና ጥድ ብቻ እንዲተከል ሁሉም ወደደ። ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ እስከ ዛሬ የቆመው የጥድ ደን ምሳሌ ሆኖ ተነሣ። ነገር ግን አንዲት ባል የሞተባቸው እናት ተነሥተው፣ ወይራ እስኪደርስ የልጅ ልጃቸው ይሸመግላል፤ ለዛሬ ማገዶና ለደብተር መግዣ የሚሆነው ባሕር ዛፍ ነው ሲሉ ተናገሩ። የሚመልስላቸው ጠፋ፤ እውነታቸውን ነበርና። በዚህ ጊዜ የአፄ ምኒልክ ዘዴ ትዝ አለኝ፤ ፈራ ተባ እያልሁ ተናገርሁት። ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማነው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቤት ከዋሻው በላይ ዐሥር ወይራ ወይም ጥድ በስሙ ይረከባል፤ በእሾህ ያጥራል፤ በበጋ ያጠጣል። ከምንጭና ከእርሻ ርቆ ባለው ቦረቦር መሬት ደግሞ ዐሥር ባሕር ዛፍ ለራሱ ይተክላል። በግንቦት ሲቈጠር ወይራው ጸድቆ የተገኘለት ሰው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ዐሥር ባሕር ዛፍ በነፃ ይጨመርለታል። ላልጸደቀለት አይጨመርም። እኛ የክበቡ ልጆችም ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ውኃ ለመሸከም ተራ ገባን።

ይህ መጽሔት ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ ገና ሚያዝያ ነው። በጥር በቈጠርን ጊዜ ብዙው ችግኝ በሕይወት ነበረ፤ ነገር ግን የላስታ በጋ ጥር ላይ አይፈረድም፤ ፈራጁ ግንቦት ነው። ስለዚህ ተሳክቶልናል ብዬ በዚህ ገጽ ላይ አልጽፍም። ቍጥሩ ምንም ይሁን ምን፣ እንደ አምናው በሙሉ እንደምጽፈው ግን ቃል እገባለሁ።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ጓደኞቼም ሆይ፣ ስለ አፄ ምኒልክ ስናስብ ዓድዋን ማስታወሳችን ተገቢ ነው። ነገር ግን ያ ንጉሥ ከጦርነቱ ሌላ አንድ ጸጥ ያለ ድል እንደ ነበራቸውም አንርሳ፤ እርሱም ከተማን ከመሰደድ ያዳነው የችግኝ ድል ነው። ያን ድል ያገኙት ብዙ ስላስተከሉ ብቻ አይደለም፤ ለተከለው ሰው የሚጠብቅበት ምክንያት ስለ ሰጡት ነው። ከስሕተቱም ደግሞ እንማር፤ ለእያንዳንዱ ሥፍራ የሚስማማው ዛፍ የተለያየ ነውና። በግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ነአኩቶ ለአብ ወጥተን እንቈጥራለን። አብራችሁን ውጡ። በተከላው ቀን መምጣት ደስ ያሰኛል፤ በቈጠራው ቀን መምጣት ግን ከዚያ ይበልጣል። መንገዱ ሲያደክማችሁም በዋሻው ደጅ ዐረፍ ብላችሁ ያን ጠብታ ታዳምጣላችሁ።